ትሬቨር ፓስኮ በጡረታ ገንዘባቸው ላይ ሊነግሡ እንደ ዘመቱ

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለትሬቨር። ሴራሚክ መለጠፍ በጀመሩ በሠላሳ አራተኛው ዓመት፣ ግራ ጉልበታቸው ከቀኙ ቀድሞ በሸፈተ በዘጠነኛው፣ ፀጉራቸው ግንባራቸውን ለቆ ወደ ማጅራታቸው ባፈገፈገ በስድስተኛው፣ እቴጌ ግሌኒስም በቤቱ ላይ በነገሡ በሠላሳ ሦስተኛው ዓመተ መንግሥት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለው ቅዳሜ፣ ገናናው ርእሰ ለጣፍያን፣ ሞዓ መታጠቢያ ቤት፣ መፍቀሬ ዓሣ ወጸላኤ ወረቀት፣ ከፋቴ ክዳን፣ ትሬቨር ወልደ ሃሮልድ ዘነገደ ፓስኮ፣ በካዲና ከተማ በሣር ቦውሊንግ ክለብ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ በልባቸው ታላቅ አሳብ ገባ። ከፋቴ ክዳን መባላቸውም በዚያ ዓመት በቤቱ የተገኘውን የማርማላታና የቃሪያ ጠርሙስ ሁሉ ከእቴጌይቱ እጅ እየተቀበሉ በአንድ ጠምዘዝ ስለሚከፍቱ ነው፤ በዚህም እጅግ ይኮሩ ነበር። አሳቡን ያስገባው ግን የእቴጌይቱ ወንድም ክላይቭ ነው፤ የእጁን ይስጠው።

ክላይቭ ማለት ዕድሜ ልኩን በከባድ መኪና ገብስ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ዛሬ ሥራው ወሬ ብቻ የሆነ ሰው ነው። በዚያ ቀን ጥብሱን እያገላበጠ ሳለ መቆንጠጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ለክለቡ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ስሙኝማ! እኔ የጡረታ ገንዘቤን ከትልቁ ፈንድ ነቅዬ አውጥቻለሁ። አዴሌይድ ከተማ መስታወት ፎቅ ውስጥ የተጎለተ ከረቫታም ልጅ በኔ ላብ ሲጫወት ዝም ብዬ ላይ? ኧረ ወዲያ! ራሴ ነኝ የማስተዳድረው። ራሴ ገዢ፣ ራሴ ሻጭ፣ ራሴ አለቃ። ከፈለግሁ ቤት እገዛበታለሁ፤ ማን ምን ይለኛል? እንደ ትሬቨር ያለው ግን ይተኛ፤ ደብዳቤ በመጣለት ቁጥር ፖስታውን ሳይከፍት ፍሪጅ ላይ ይከምራል።»

የፍሪጁ ነገር እውነት መሆኑን ጸሐፌ ታሪኩ በሐዘን ይመሰክራል። የዘጠኝ ዓመት ፖስታ ነበረ። በዚያ አገር ሕግ ሆኖ፣ ሠራተኛ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር አሠሪው የስተርጅናውን ድርሻ ለይቶ ወደ አንድ ትልቅ ፈንድ ይልካል፤ ባለገንዘቡም ስድሳ ሞልቶት ሥራ እስኪያቆም ድረስ አይነካትም። ሆኖም ልቡ የደፈረ ሰው ከትልቁ ፈንድ ወጥቶ፣ የራሱን ትንሽ ፈንድ መሥርቶ፣ ራሱ ባለአደራ ሆኖ ሊያስተዳድረው ይችላል። ገናናው ትሬቨር ይህን ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም፤ ወይም ሰምተው በፖስታው ውስጥ ታሽጎ ቀርቷል።

«ቤት እገዛበታለሁ» የሚለው ቃል ግን እንደ ሚስማር ተሰካባቸው። ከሳምንት በፊት በፔንዊ ባሕር ዳርቻ፣ ሰማያዊ በር ባላት የቆርቆሮ ጎጆ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አይተው ነበርና። ሃያ ሁለት ፋሲካ ሙሉ ከዚያች ጎጆ ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው፣ ዓሣ አጥምደው፣ በነፋስ ተገርፈው፣ ወገባቸው ተቆራርጦ ያደሩት እርሳቸው ናቸው። በያንዳንዱ ፋሲካ ማለዳ ከድንኳን ጭንቅላታቸውን አውጥተው፣ ያንን በር አይተው፣ «አንድ ቀን» ይሉ ነበር። በኪሳቸው ግን ከጡረታው ገንዘብ በቀር ጎጆ የሚገዛ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ቤታቸው በድል አድራጊ አረማመድ ገብተው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ በወጥ ቤቱ መካከል ቆመው አወጁ፦ «ግሌኒስ! ከትልቁ ፈንድ እንወጣለን። የኔንም የአንቺንም አንድ ላይ አድርገን የፔንዊን ጎጆ እንገዛለን። የኔ ብቻ አይበቃም፤ ያንቺ ሲጨመር ግን ልክክ ይላል። ከእንግዲህ ማንም በገንዘባችን አይጫወትም!»

አሁን ጸሐፌ ታሪኩ ጀግናውን የማያስመሰግን ነገር መጻፍ ግድ ሆኖበታል። እቴጌ ግሌኒስ በአረጋውያን መጦሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግለው፣ በመጪው ኅዳር ስድሳ ይሞላቸው ነበር፤ በዚያን ጊዜም ሥራ ሊያቆሙ፣ ከፈንዱም በየወሩ እየቆረጡ ሊኖሩ አስበው ቀኑን በግድግዳው መቁጠሪያ ላይ በቀይ ከበውታል። ይህን ለባላቸው ነግረዋቸዋል። የነገሯቸው ግን ኳስ በሚታይበት ሰዓት ሆነና ጀግናው ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «ጥሩ ነው» ብለው አለፉ። ቀዩን ክብም የልደት ግብዣ ነው ብለው ገምተው በልባቸው ስለ ኬኩ አስበው ነበር። ገንዘቡ ሁሉ ጎጆ ውስጥ ከገባ እቴጌይቱ በየወሩ የሚቆርጡት ነገር እንደማይኖር፣ ልብሱንም እያጠቡ እንደሚኖሩ፣ ውሻው ባንጆ እንኳ ሳይገባው አልቀረም።

እቴጌይቱ ግን አልተቆጡም፤ ይህም ከቁጣ የከፋ ነው። የእጅ ፎጣውን አጥፈው አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስማ አንተ ሰውዬ። የሁለታችን ገንዘብ ከገባ ሁለታችንም ባለአደራ ነን፣ አይደል? ባለአደራ ደግሞ ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ ፈርሞ ነው። እንግዲያው ሦስት ጊዜ እንሰበሰባለን፤ አንተ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ። በሦስተኛው ወይ እፈርማለሁ ወይ አልፈርምም። እስከዚያ ጎጆ ጎጆ እያልክ ጆሮዬን እንዳታደነቁረኝ። ጫማህንም አውልቅ!»

ጫማቸውንም አወለቁ፤ ክተትም ታወጀ። ከትሬቨር ጋር የዘመተው ሠራዊት ቁጥር ይህ ነው፦ በፊታውራሪነት ክላይቭ ከነወሬው፤ በቀኝ በኩል ከመድኃኒት ቤት በርካሽ የተገዛ፣ አንድ ጆሮው በፕላስተር የታሰረ የማንበቢያ መነጽር፤ በግራ በኩል ከሴራሚክ ሱቅ በነጻ የተገኙ አራት እስክሪብቶዎች፣ ከነርሱም ሦስቱ የማይጽፉ፤ በመካከል ገና ባዶውን ሳለ ጀርባው ላይ በጉልህ «የፓስኮ ፈንድ» ተብሎ የተጻፈበት ሰማያዊ ክላሰር፤ በደጀን ባንጆ፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ የዘመተውም ለፍርፋሪ ብቻ። ይህ ሁሉ ሠራዊት ልጆቹ ጥለውት በሄዱት ክፍል ውስጥ፣ ከልብስ መተኮሻው አጠገብ ሰፈረ።

የመጀመሪያው ጉባኤ በሰኔ፣ በብርዱ ወር፣ እሑድ ከምሳ በኋላ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደረገ። በጸሐፊዋ እጅ የተያዘው ቃለ ጉባኤ ዛሬም አለ፤ እንዲህም ይላል፦ «ሰብሳቢው ዐሥራ አራት ጊዜ "ጎጆዬ" አሉ፤ "ጎጆአችን" ይባል ተብሎ ታረመ። የኦዲተር፣ የሒሳብ ሠራተኛና የመድን ክፍያው በዓመት ስንት ነው ተብለው ተጠየቁ፤ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ክላይቭ ሳይጠራ መጥቶ ለጉባኤው የተዘጋጀውን የሥጋ ፓይ በልቶ ስለተገኘ ተባረረ። ሰብሳቢው ሄደው ባለሙያ እንዲጠይቁ ተወሰነ።» ጀግናውም ይህን ፈረሙ።

ከዚህም በኋላ ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫው በላይ ወደምትገኘው ወደ ሒሳብ ባለሙያዋ ወደ ሊን ፋም ዘመቱ። መወጣጫው ዐሥራ ሦስት ደረጃ ነው። በሰባተኛው ላይ ግራ ጉልበት ዐመፀ፣ በዘጠነኛው ላይ ቀኙ ተከተለው፣ ጀግናው ግን ክላሰሩን ታቅፈው፣ መደገፊያውን ተቆናጥጠው፣ እየማሉና እየተገዘቱ ወጡ። ሊን ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው ሲዋሽ ሳትናገር በትዕግሥት የምትጠብቅ ሴት ነች። አሳባቸውን እስከ መጨረሻው ካደመጠች በኋላ እንዲህ ስትል ፍርድ አወጀች፦

«ትሬቨር፣ አይቀየሙኝ። ፈንዱ ጎጆዋን መግዛት ይችላል። እርስዎ ግን አያድሩባትም። ባለቤትዎም አያድሩባትም። ልጆችዎም። ክላይቭም። አንዲት ሌሊት እንኳ፣ ኪራይ ከፍለውም ቢሆን! ገንዘቡ የስተርጅና ነው፤ የፋሲካ አይደለም። ለባዕድ ማከራየት ነው የሚቻለው። ደግሞ ሁሉን እዚያ ውስጥ ከከተቱት፣ ከእናንተ አንዱ ሥራ ሲያቆም የወር ቀለቡን ከየት ሊያመጣ ነው? በሩን ነቅሎ ሊሸጥ?»

ጀግናው ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸው አልተሰማቸውም። ሲቆይ ግን ወኔያቸው ተመለሰና በሚከተለው ሳምንት በሊን ላይ በስልክ ከበባ አደረጉ። ማደር ቀርቶ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለትስ? አይቻልም። ደጃፉ ላይ ወንበር ዘርግቶ መቀመጥስ፣ እግር ብቻ በረንዳው ላይ ሆኖ? አይቻልም። ጣሪያው እንዳያፈስ ሊያረጋግጡ ገብተው ድንገት ዝናብ ቢመጣና ቢዘገዩስ? እዚህ ላይ ሊን ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ፤ ጀግናውም ያ ኮሽታ ተስፋ መሰላቸው። ከዚያም፦ «ትሬቨር፣ ኦዲተሩ ዝናቡን ይመረምራል» ብላ ስልኩን በትሕትና ዘጋች።

ይህን ሁሉ ለእቴጌይቱ ሊነግሯቸው ይገባ ነበር። አልነገሯቸውም። ሊን የስልኩን ጥያቄ ሁሉ ሳታስቀር አስፍራ የላከችላቸውን ደብዳቤ ዐሥራ አንድ ቀን በፒክአፕ መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመጥመጃ መንጠቆው ሥር ሸሽገው፣ እራት ላይ ስለ አየር ጠባይ አብዝተው ሲያወሩ ሰነበቱ። ጀግና ሲሸሽ ማፈግፈግ ይባላል፤ ይህኛው ግን ፈሪነት ነበረ።

በሐምሌ መጀመሪያ ሁለተኛው ጉባኤ ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ሰብሳቢውን ከባለሙያዋ ዘንድ ደርሰው እንደሆነ ጠየቁ፤ ሰብሳቢውም «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» ብለው አስመዘገቡ። እቴጌይቱ ጽፈው፣ ነጥቡን አድርገው፣ ከቀሚሳቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ሊን ደብዳቤዋን ለሁለቱም ባለአደራዎች ልካ ነበርና። ከላይ እስከ ታች በጠራ ድምፅ አነበቡት፤ የዝናቡን ጥያቄ ሁለት ጊዜ። ከዚያም አወጁ፦ «ይኼ ደብዳቤ ከደረሰኝ ዐሥር ቀኑ። በየቀኑ ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁህ። ስለ ጎጆዋ አይደለም የከፋኝ፣ ትሬቨር። ያንተን ኮት ስሰቅል ኪስህን ፈትሼ የማላውቅ ሴት ነኝ።»

ጀግናው አፈሩ። ጆሮአቸው ጫፍ ድረስ ቀሉ፤ ባንጆ እንኳ ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ ወደ እቴጌይቱ ወገን ገባ። ይሁን እንጂ እልህ ክፉ ነው፤ ስብሰባው ሊበተን ሲል «ለሰው አከራይተን ብናተርፍባትስ?» የሚል አሳብ አስመዘገቡ፤ ለምን እንዳሉት እርሳቸውም አያውቁም። አሳቡ ለሦስተኛው ጉባኤ ተላለፈ።

በዚያ መካከል ፊታውራሪ ክላይቭ ሊያጽናናቸው መጥቶ፣ «ና የኔን ግዛት ላሳይህ» ብሎ በፒክአፕ አንድ ሰዓት ተኩል ወስዶ ወደ አንድ የዕቃ ማከማቻ አገባቸው። የክላይቭ ዝነኛ ፈንድ በዚያ ነበረ፤ በሽቦ አጥር ውስጥ የተደረደሩ አርባ ሣጥን ያረጀ ወይን። ክላይቭ የአጥሩን ሽቦ ይዞ፣ ያ ሁሉ ድምፁ ወርዶ፣ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «አልጠጣውም። ሕጉ አይፈቅድም። ቤቴም አላስቀምጠው። በወር አንዴ እመጣና አየዋለሁ፤ ከዚያ ቢራ ገዝቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ለማንም እንዳትናገር፣ ወንድሜ፣ በሞቴ።» ጀግናው ለማንም እንደማይናገሩ ማሉ፤ ጸሐፌ ታሪኩ ግን አልማለም።

ሦስተኛው ጉባኤ በሐምሌ መጨረሻ ሆነ። በአጀንዳው ሦስት ጉዳይ ይጠበቅ ነበር፤ ጸሐፊዋ ግን አራተኛ ጨምረው ጽፈዋል። ተራ ቁጥር አራት፦ «የጸሐፊዋ እጅ»። ጀግናው የጽሕፈት ስሕተት መስሏቸው ሊያርሙ መነጽራቸውን አነሡ። እቴጌ ግሌኒስ እስክሪብቶውን አስቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸውንም በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸውን ሊጨብጡ ሞከሩ። ከግማሽ አላለፈም። ከዚያም ይህን ተናገሩ፦

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው አንሶላ አጥቤያለሁ። አላማርርም፣ ሥራ ነው። ግን ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ማዞር አቅቶኛል። ያን ሁሉ ጠርሙስ ለምን የማቀብልህ ይመስልሃል? ጉልበትህን ላደንቅ ነው? በኅዳር ማቆም እፈልጋለሁ፤ ነግሬህ ነበር፣ ኳስ ታይ ነበር፣ "ጥሩ ነው" አልከኝ። ጎጆዋን እንደምትወዳት አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ድንኳን ውስጥ አብሬህ ያደርኩትም ስለማውቅ ነው። እኔ ደግሞ የምፈልገው ይኼን ነው። ስናገር ስለማትሰማኝ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ከፋቴ ክዳን ወሞዓ መታጠቢያ ቤት፣ ትሬቨር ወልደ ሃሮልድ፣ በዚያች ሰዓት ስለ ገንዘብ አላሰቡም። በዚያ ዓመት የከፈቷቸውን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አሰቡ፤ በያንዳንዱም ክንዳቸውን አሳብጠው፣ «ይኸውልሽ!» ብለው እንደመለሱ። አለቀሱ ማለት ለዜና መዋዕል ክብር አይመችም፤ አለቀሱ። ከዚያም ያንን የማይጨበጥ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በዘመናቸው ካወጁት ሁሉ አጭሩን አዋጅ አወጁ፦ «ገንዘቡ ባለበት ይቀመጥ። በኅዳር ታቆሚያለሽ። ጻፊው። አይ፣ ተይው፣ እኔ እጽፈዋለሁ።»

እስክሪብቶውንም ተቀብለው ጻፉ፤ ከአራቱ መካከል የምትጽፈው እርሷ ነበረች። በዚያው ቀን ከፍሪጁ ላይ የዘጠኝ ዓመቱን ፖስታ አውርደው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሁሉን ከፍተው አነበቡ። የተረዱት ሁለቱን ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አድርገው ዐሥራ ሦስቱን ደረጃ እንደገና ወደ ሊን ወጡ። ከዚህ በላይ ገንዘባቸውን አስተዳድረው አያውቁም።

ጎጆዋን የአዴሌይድ የጥርስ ሐኪም ገዝቶ ለኪራይ አወጣት። በጥቅምትም ባልና ሚስቱ ለሦስት ቀን ተከራይተው አደሩባት። አልጋዋ ከጀግናው በአንድ ስንዝር ታጥራለች፣ ጣሪያዋ ሌሊቱን ይንቋቋል፣ ማለዳ ሰማያዊውን በር ከፍተው ሲወጡም የሚታየው ያው የድንኳን መትከያ ሜዳ ነው። እቴጌይቱ በሳቅ ፈረሱ። ጀግናውም ሳቁ፤ ሦስት ትናንሽ ዓሣም አጠመዱ።

በኅዳር፣ እቴጌይቱ ሥራ ባቆሙ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ፣ የማንቂያ ሰዓታቸው በልማዱ ሊጮህ ሲል ትሬቨር ቀድመው አፉን ያዙት። ከዚያም በካልሲ ወጥተው፣ ማንቆርቆሪያው እንዳያፏጭ ሻይ ሳያፈሉ፣ ባንጆ እንዳይጮህ ብስኩት እያጎረሱት፣ ክላይቭም መጥቶ የበሩን ደወል እንዳይነካ ደጃፉ ላይ ወንበር ዘርግተው ዘብ ቆሙ። እቴጌ ግሌኒስ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ተኙ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ሰኞ አልነበረም።

ይህን ዜና የጻፈው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ጉባኤው ልማድ ሆኖ ስለቀጠለ በአራተኛው ላይ ጸሐፊዋ «የሠራኸውን አንተው ጻፈው፣ እኔ እጄን አሳርፋለሁ» ብለው ስላወጁ፣ ጸሐፌ ታሪኩም ጀግናውም ያው አንድ ሰው ነው፤ ራሱን አንቱ ማለቱም ከሠላሳ ሦስት ዓመት ጋብቻ ወዲህ በቤቱ ሌላ አንቱ የሚለው ስለጠፋ ነው። እንግዲህ ምስጋና ይድረሳቸው ለገናናው ትሬቨር፣ ክላሰር ይዘው ለዘመቱ፣ ሳይገዙ ሳይሸጡ ለተመለሱ፣ ባለበት ይቀመጥ በማለት ብቻ ላሸነፉ፣ ስማቸው በካዲና ከሴራሚክ ሁሉ በላይ ለሚያበራ፣ ኃያል፣ ጥበበኛ፣ አዳማጭ።

ይህ ዜና እንደ ቃለ ጉባኤ በአምስተኛው ስብሰባ ተነብቦ ጸድቋል። «ኃያል» እና «ጥበበኛ» የሚሉት በጸሐፊዋ ጥያቄ ተሰርዘዋል፤ «አዳማጭ» የሚለው እየታየ ነው። የተገኙ፦ ሁለቱም ባለአደራዎች። የቀረ፦ የለም።